የቶኩማሩ ጓንት ድምፅ

በጃፓን፣ በንጉሠ ነገሥቱ በሾዋ ዘመን በአርባ ዘጠነኛው ዓመት፣ የሚናሃማ ከተማ የቤዝቦል ቡድን ሽመላዎች መቶ ሠላሳ ጨዋታ ተጫወቱ። ስድሳ ስምንቱን አሸነፉ፣ ሃምሳ ሰባቱን ተሸነፉ፣ አምስቱ እኩል ለእኩል አለቀ። ሚያዝያ ላይ አራት ዋና ወርዋሪዎች ነበሯቸው። አንደኛው ግንቦት ላይ ትከሻው ተቀደደ። ሁለተኛው በሰኔ ጉበቱን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ሦስተኛው ሐምሌ ላይ መወርወር ጠፋበት፤ ምክንያቱን ማንም አላወቀም፣ ራሱም አላወቀም። የቀረው ሀዛማ ነበር። ሀዛማ በዚያ ዓመት ስድሳ አንድ ጨዋታ ላይ ወረወረ። በመስከረም ብቻ ቡድኑ ከተጫወተው ሃያ አራት ጨዋታ በአሥራ አምስቱ የእሱ እጅ ነበረበት። ዝናብ ሲዘንብ ጨዋታ ስለሚቀር ዝናብ ባየ ቁጥር ሰማዩን ቀና ብሎ ያመሰግን ነበር።

ሽመላዎች ዋንጫ አንስተው አያውቁም። በጥቅምት የመጨረሻው ጨዋታ ሲደርስ ሽመላዎችና ተጋጣሚያቸው በእኩል ውጤት ተያይዘው ቀሩ። ያን ቀን ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል።

የቶኩማሩ ስም በዚያ ዓመት አንድም ቀን ጋዜጣ ላይ አልወጣም። የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነበር። ቀላቢ ሆኖ ነው የተቀጠረው፤ ዱላ ሲይዝ ግን ኳሱ ሩቅ ስለማይሄድለት ጨዋታ ውስጥ አላስገቡትም። ሥራው በግራ በኩል ካለው አጥር ሥር ባለችው ማሟሟቂያ ቦታ ቁጢጥ ብሎ፣ ሊገቡ የተዘጋጁ ወርዋሪዎችን ኳስ መቅለብ ነበር። ተጫዋቾቹ "ግድግዳው" ይሉታል። ግድግዳ ኳስ ይመልሳል እንጂ አይናገርም።

እንዲህ ያለው ቀላቢ ግን የራሱ ጥበብ አለው። ኳሱን በመዳፉ ከተቀበለው ዱብ ብሎ ይቀራል፣ እጁንም ያመዋል። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል፣ የጓንቱ ቆዳ በሳሳበት ቦታ ከተቀበለው ግን ጧ ይላል። ወርዋሪ ያን ድምፅ ሲሰማ ጉልበት ያለው ይመስለዋል፤ ሲመስለው ደግሞ አንዳንዴ እውነትም ይኖረዋል። ቶኩማሩ ድምፁ እንዲጠነክር ብሎ የጓንቱን ጥጥ ግማሹን አውጥቶ ጥሎ ነበር። በዚህ የተነሳ ሌባ ጣቱ አብጦ፣ ተጣሞ ቀረ። ከድምፁ ጋር ደግሞ ቃል አለ። የተወረወረው ኳስ ምንም ዓይነት ይሁን፣ ቀላቢው "ጥሩ ኳስ!" ይላል። እንዲህ ነው ልማዱ። ሌላ የሚል ቀላቢ ታይቶ አይታወቅም።

"አንተ ግድግዳው" ይሉታል ልብስ መቀየሪያው ውስጥ፣ "ሚስትህ ሩዙን ብታሳርረውም 'ጥሩ ኳስ!' ነው አይደል የምትላት?"

"እሷ አሳርራ አታውቅም።"

"ስሙት! አሁንም ጥሩ ኳስ አለ!"

ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ድምፁን ሰው ሁሉ ይሰማዋል። የኳሱ ክብደት ግን ለቶኩማሩ እጅ ብቻ ነው የሚቀረው። የሀዛማ ኳስ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ከመድረሱ በፊት መሞት እንደጀመረ እጁ አውቋል። እጁ ያወቀውን ለማንም አልተናገረም። ይልቁንም ጓንቱን የበለጠ ዘይት ቀባው፤ ድምፁም የበለጠ ጮኸ። ከአጥሩ ጀርባ የተቀመጡ ደጋፊዎች ሰምተው "ሀዛማ ዛሬ ተኩስ ነው!" ይባባሉ ነበር። ቶኩማሩ ይህን ሲሰማ ደስ ይለው ነበር። ያ ደስታው ነው ኋላ ዘወትር ያሳፈረው።

በመጨረሻው ጨዋታ፣ በመጨረሻው ዙር፣ ሽመላዎች ሁለት ለአንድ ይመሩ ነበር። ሜዳው ላይ ያለው ወርዋሪ ልጅ ደክሞት ሁለት የተጋጣሚ ሰው ለነጥብ ሩጫ አሳለፈ። ሀዛማ ከሁለት ቀን በፊት ሙሉ ጨዋታ ወርውሯል። ያም ሆኖ ማሟሟቂያው ላይ ቆሟል። ሰባት፣ ስምንት ኳስ ወረወረ። ጓንቱ እንደ ወትሮው ጮኸ። ከዚያ ሀዛማ ኳሱን ይዞ ወደ ቶኩማሩ መጣ፣ ባርኔጣውንም አወለቀ።

"ቶኩ ሳን፣ ኳሱ እንዴት ነው?" አለ፣ ስሙን አሳጥሮ በአክብሮት ጠርቶ።

"ጥሩ ኳስ ነው።"

"የልማዱን ተወው። እጄ አይሰማኝም። ሞቷል ካልከኝ ስልኩን አንስቼ አልችልም እላለሁ፤ ስድቡንም እኔ እጠጣለሁ። አንተን የማምነውን ያህል እጄን አላምነውም። እንዴት ነው?"

ከአሰልጣኙ ጋር የሚያገናኘው ስልክ ጮኸ። ቶኩማሩ አነሳው። አሰልጣኙ ኦኒዙካ ነበር።

"ሀዛማ ዝግጁ ነው?"

ቶኩማሩ ሀዛማን አየው። ሀዛማ መልሱን ይጠብቃል። ከአጥሩ ጀርባ ሕዝቡ የሀዛማን ስም ይጠራል። የዚያን ቅጽበት ነገር ቶኩማሩ ኋላ ብዙ ጊዜ አሰበበት። ዋንጫውን ፈልጎ ነበር፣ ይህ እውነት ነው። አሰልጣኙን ፈርቶም ነበር። ከሁለቱ የሚከፋው ግን ሌላ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል "አይችልም" የሚል ሰው ግድግዳው እንዲሆን አልፈለገም።

"ዝግጁ ነው፣ አሰልጣኝ።"

ስልኩን ዘጋና ወደ ሀዛማ ዞረ።

"ጥሩ ኳስ ነው። ሂድ።"

ሀዛማ ባርኔጣውን አጠለቀ። ጎንበስ ብሎ አመስግኖ ሄደ።

የመጀመሪያዋ ኳስ መሀል ለመሀል፣ ያለ ክብደት ሄደች። መቺው በግራው አጥር ላይ አሳለፋት። ኳሷ ከቶኩማሩ ራስ በላይ አልፋ ደጋፊዎች መሀል ወደቀች። ሁለቱ ሯጮችና መቺው ገቡ፤ አራት ለሁለት ሆነ። ሀዛማ ስድስት ኳስ ጨምሮ ወረወረ፤ በሰባተኛው ላይ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ሽመላዎች ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህም ዋንጫ አላነሱም።

ሐኪም ክርኑን ሁለት ጊዜ ቀደደው። አልተቃናም። ሀዛማ በባሕሩ ውስጥ ወዳለችው ወደ አባቱ ደሴት ተመልሶ በዳገቱ ላይ መንደሪን ማልማት ያዘ። ከተማው ውስጥ ግን ስሙ ቀረ። ሰው ነገር ሲያበላሽ "ሀዛማ ሆንክ" ይሉት ጀመር።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ቶኩማሩ ቤት አንድ ሣጥን መንደሪን ደረሰ። በላዩ አጭር ወረቀት ነበረች። "በዚያ ቀን 'ጥሩ ኳስ ነው፣ ሂድ' ብለኸኛል። ኳሱን ጥሩ አድርገህ ሰጠኸኝ፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አመሰግናለሁ። ሀዛማ።"

በሚቀጥለውም ዓመት መጣ። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ መጣ። ለተላከ ስጦታ መልስ መላክ ደንብ ስለሆነ የቶኩማሩ ሚስት ፉሚኤ በየዓመቱ ሻይ ቅጠል ትልክ ነበር። ቶኩማሩ ግን ከመንደሪኑ አንድ ፍሬ ቀምሶ አያውቅም። ለጎረቤት ያድላል።

"ዘንድሮም ልኳል" ትላለች ፉሚኤ።

"ለእነ ማኪታ ስጪያቸው።"

"አንተስ?"

"ጨጓራዬን ያመኛል።"

"በየዓመቱ መንደሪን መጣ በተባለ ቀን ብቻ የሚነሳ ጨጓራ።" ሣጥኑን አንስታ ትወጣለች። አንድ ዓመት በሩ ላይ ቆም ብላ፣ "ሻዩ መልስ አይደለም፤ ይህን ታውቃለህ" አለችው። ምን እንደምታውቅ አልጠየቃትም።

ፉሚኤ በሞተች በሁለተኛው ዓመት ከቡድኑ ጽሕፈት ቤት ሳዋኪ የምትባል ወጣት ደወለች። ስታዲየሙ ሊፈርስ ነው። ከመፍረሱ በፊት ደጋፊዎች የቡድኑን ሃምሳ የማይረሱ ቅጽበቶች መርጠዋል፤ ፎቶዎቹ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። የሀዛማ ኳስ ሁለተኛ ወጥታለች።

"ሀዛማ ሳን በስታዲየሙ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ የመክፈቻዋን የክብር ኳስ እንዲወረውሩልን ለመንናቸው" አለች ሳዋኪ። "በአንድ ነገር ብቻ እሺ አሉ። እርስዎ ከቀለቡ።"

ልጅቷ መስመሩ የተቋረጠ መሰላት።

"ሃሎ? ቶኩማሩ ሳን?"

"አለሁ" አለ። "እመጣለሁ።"

የዚያን ዕለት ማታ ጓንቱን ከሣጥን አወጣው። ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዘይት ሊቀባው እጁን ወደ ጠርሙሱ ሰደደ፤ ከዚያ ጠርሙሱን መልሶ አስቀመጠው።

ሀዛማ ነጭ ፀጉር ያለው፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሽማግሌ ሆኖ ነበር። ቀኝ ክርኑ ጎበጥ ብሎ እንደቀረ ነው። በመተላለፊያው ፎቶው ሥር ተገናኙ። ፎቶው ሀዛማን ከጀርባው ያሳያል፤ ወደ ግራው አጥር ይመለከታል። ከአጥሩ ማዶ፣ ጥግ ላይ፣ ጓንት ያጠለቀ ሰው በትንሹ ይታያል።

"አየህ፣ አንተም ወጥተሃል" አለ ሀዛማ። "አርባ ዓመት ቆይተህ ታሪክ ውስጥ ገባህ። ይህ ሁሉ በእኔ ኳስ ነው።"

"ሀዛማ፣ ማሟሟቂያው አልፈረሰም። ትንሽ እንወርውር።"

"በዚህ ክርን? ከመንደሪን የከበደ ካነሳሁ ቆይቻለሁ።"

"ትንሽ ብቻ።"

ሣር በበቀለበት ማሟሟቂያ ቦታ ቆሙ። ቶኩማሩ ጉልበቱን ይዞ በግድ ቁጢጥ አለ። ሀዛማ ወረወረ። ኳሷ ዝግ ብላ በቀስት መጣች። ቶኩማሩ በመዳፉ ተቀበላት። ዱብ አለች። ሁለተኛዋም ዱብ አለች።

"ድምፁ የት ገባ?" ሀዛማ ሳቀ። "እጅህም አረጀ?"

ቶኩማሩ ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"ድምፁ የኔ ነበር። ያን ጊዜም የኔ ነበር። ያንተ ኳስ ከመስከረም ጀምሮ ሞቶ ነበር፤ እኔ በጓንቴ አስጮኽኩት። በዚያ ቀን ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር። አውቄ ሂድ አልኩህ።"

የሀዛማ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ባለቤቱ የረሳው ይመስል ፊቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ጠፋ።

"ስንት ዓመት ሆነው?"

"አርባ።"

"አርባ ዓመት መንደሪኔን በላህ።"

"አንድም አልበላሁም።"

"አንድም?"

"አንድም።"

ሀዛማ የጎበጠ ክርኑን በግራ እጁ ያዘው።

"እኔ እኮ" አለ፣ ድምፁ ወረደ፣ "ኳሱ ጥሩ ነበር ብዬ ነው የኖርኩት። ቶኩ ሳን ጥሩ ነው ካለ ጥሩ ነው። ኳሱ ጥሩ ከነበረ ታዲያ የተበላሸው ምንድን ነው? ልቤ ነው፤ ፈርቼ ነው። የመወርወሪያው ጉብታ ላይ ስቆም ፈርቼ ነው አልኩ። ልጆቼ ሲጠይቁኝም አባታችሁ ፈሪ ነበር አልኳቸው። ዛፍ ስገርዝ፣ ፍሬ ስለቅም፣ የትኛዋ ደቂቃ ላይ እንደፈራሁ ስፈልግ ኖርኩ።"

ቶኩማሩ ይህን አላሰበውም ነበር። ክርኑን አስቦ ነበር፤ ዋንጫውንም፣ የከተማውን ስድብም አስቦ ነበር። ይህን ግን በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላሰበውም።

"አልፈራህም" አለ። "እጅህ ነው ያለቀው። ልብህ ምንም አልሆነም። የፈራሁት እኔ ነኝ።"

"ያን ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ..."

"አዎ።"

"እጄ ይተርፍ ነበር።"

"አዎ።"

ሳዋኪ ከሜዳው በኩል ተጣራች፤ ጊዜው ደርሷል። ሀዛማ ቀድሞ ወጣ። ቶኩማሩን ዞሮ አላየውም።

ሃያ ሺህ ሰው ነበር። የሀዛማ ስም ሲጠራ ጭብጨባው ዘግይቶ ጀመረ፤ ከዚያ ግን አልቆም አለ። ሀዛማ ጉብታው ላይ ወጣ። ቶኩማሩ ቦታው ላይ ቁጢጥ ብሎ ጓንቱን ዘረጋ። ሀዛማ ወረወረ፤ የክብር ኳስ አይመታምና መቺው እንደ ደንቡ ዱላውን በባዶ አየር ላይ ወዘወዘ። ኳሷ መሬት ነጥራ፣ ወደ ጎን ሄደች። ቶኩማሩ ተንበርክኮ በመዳፉ ያዛት። ምንም አልጮኸም።

ሀዛማ ከጉብታው አልወረደም። ሁለት እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ጮኸ።

"ቶኩ ሳን! እንዴት ነበር?"

ሕዝቡ ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። የቶኩማሩ አፍ በልማዱ ሊከፈት ነበር፤ ያንኑ ቃል ለብዙ ዓመታት ሲል ኖሯል። ዋጠው። በአንድ እጁ መሬቱን ተደግፎ ተነሳ።

"መጥፎ!" ብሎ ጮኸ። "መጥፎ ኳስ ነው!"

ሀዛማ ባርኔጣውን አወለቀ። ወገቡን ሰብሮ፣ ጎብጦ፣ ለረዥም ጊዜ እንደዚያው ቆየ። ቶኩማሩም ጎነበሰ፤ ሀዛማ ቀና እስኪል ድረስም ቀና አላለም።