ግራው ሞተር

ኦራሉ ጋራዡ ግቢ ከገባ አራት ወሩ ነው፤ በዚህ አራት ወር መስዑድን አሥር ዓመት አስረጅቶታል። በደርግ ጊዜ ወታደር ሲያመላልስ የኖረ፣ ባለ ስድስት ጎማ፣ በጨረታ የተሸጠ አሮጌ የጦር መኪና ነው። የቤንዚን ሞተሩ ነክሶ መዞር ካቆመ ስንት ዘመኑ! ባይነክስስ? ያንን የመሰለ ቤንዚን ጠጪ ዛሬ ማን ችሎ ይቀልበዋል? ስለዚህ መስዑድ የናፍጣ ሞተር ሊገጥምለት ተነሣ። ሰው በአንድ ቀን አያብድም፤ እንዲህ ቀስ እያለ ነው።

ነገሩ የመኪና ብቻ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ በተወው። አባቱ አብዱልሃኪም ጣና ላይ ጀልባ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ከአምስት ዓመት በፊት መስዑድ ጀልባውን ትቶ ከከተማው ወደ ዱርቤቴ በሚያስወጣው መንገድ ጋራዥ ሲከፍት፣ «ሂድ እንግዲህ፣ ብሎን ስትፈታ ኑር» ብለው ፊታቸውን አዞሩበት። ከዚያ ወዲህ በዒድ ቀን ሄዶ እጃቸውን ይስማል፣ እሳቸውም ይመርቁታል፣ በቃ። ሁለቱም ግትሮች ናቸው፤ ልጁ ከሌላ አላመጣውም። እና መስዑድ ያንን የሞተ ብረት አስነሥቶ፣ እየነዳ ሄዶ በአባቱ ደጅ ማቆም ፈለገ። አባቱ ወጥተው እንዲያዩት፣ አይተውም አንድ ደግ ቃል እንዲናገሩት። ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ በእህቱ በዘይነት በኩል ላከባቸው፤ «አርብ ከጁምዓ በኋላ ኦራሉን ይዤ እመጣለሁ፤ ውጭ ተቀምጠው ይጠብቁኝ» አለ።

ሞተሩን የሰጡት አጎቱ ቡርሀን ናቸው። ጀልባዋ የሁለቱ ወንድማማቾች ናት። መስዑድ ጀልባውን ከተወ በኋላ ሁለት ሞተር ገጠሙላት፤ ቀኙ የአብዱልሃኪም፣ ግራው የቡርሀን። ቡርሀን ወገባቸውን አሟቸው ሐይቁን ትተው ሱቅ ሲገቡ፣ የራሳቸውን አስፈትተው በአይሱዙ ለመስዑድ ላኩለት።

«አባትህም እንደሆነ ከእንግዲህ ሐይቅ አይወርድም» አሉት። «የሞተሩን ጠባይ የሚያውቀው እሱ ነው። ሳትገጥመው በፊት ጠይቀው።»

«ሞተር ሞተር ነው አጎቴ፤ ምኑ ይጠየቃል?» አለ መስዑድ።

ይህችን ንግግር ኋላ ባስታወሳት ቁጥር ምላሱን መንከስ ያምረው ነበር።

መጀመሪያ ሞተሩ አልገባም አለ፤ ረጅም ነው። የራዲያተሩን ማቀፊያ ወደ ፊት አስወጡለት። ገባ ሲባል የሚያርፍበት እግር አልገጥም አለ፤ ክንዱ የሚባለው በያጅ አራት ጊዜ ቆርጦ አራት ጊዜ በየደ። ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውን ብረት መስዑድ ከወረታ እስከ ማክሰኝት ፈልጎ አጣው። ቶርኖ ቤት አስቀረጸ፤ ሁለት ሚሊሜትር ሳተ። እንደገና አስቀረጸ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሀጂራ «ዛሬስ?» ትለዋለች፤ ዛሬም ያው ነው ለማለት እንኳ አፉ ይታክተው ጀመር።

በመጨረሻ ሞተሩ ተነሣ። መኪናው ጎማ አልነበረውም፤ ጎማዎቹ ጥገና ላይ ስለነበሩ ድንጋይ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ቢሆንም ድምፁን ሲሰሙ መስዑድና ክንዱ ተቃቀፉ። ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ውሃው ፈላ። ጀልባዋ ላይ ሳለ ሞተሩን የሚያበርደው የሐይቁ ውሃ ስለነበር የራሱ ማራገቢያ የለውም፤ መስዑድ የኦራሉን ነበር የገጠመለት። ራዲያተሩን አጠበ፤ ፈላ። ቧንቧውን ቀየረ፤ ፈላ። ከመኪናው ፊት ቆሞ እጁን ቢዘረጋ ንፋሱ ወደ ውስጥ መሳብ ሲገባው ወደ ውጭ ይነፍሳል። «ማራገቢያው ነው የተበላሸው» አለና ክንፉ በተቃራኒ የተጣመመ ሌላ ፈልጎ ገጠመ። ውሃው በረደ።

ክንዱ ራሱን አከከ። «ደህናው እምቢ ብሎ ጠማማው የሚሠራው ለምንድን ነው?»

«በርዷል አይደል እንዴ? ምን ቸገረህ!» ብሎ ቱግ አለበት።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት። ግን እልህ የያዘው ሰው ምን ያስባል? ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይሳደባል።

ጎማዎቹ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ደረሱ። አርብ ጁምዓ ሰግዶ፣ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ካቢናው ውስጥ ወጣ። «ቢስሚላህ» ብሎ አንደኛ ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ኦራሉ ወደ ኋላ ሄዶ የግቢውን ቆርቆሮ አጥር ጨፈለቀው።

«የኋላ ማርሽ ነው ያስገባኸው!» ብሎ ክንዱ ጮኸ።

አልነበረም። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ አሁንም ወደ ኋላ፣ ያውም ፈጠን ብሎ። ጨንቆት የኋላውን ቢያስገባ ኦራሉ እየጎተተ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ። ክንዱ ኮፋኖውን ከፍቶ ሞተሩን ትክ ብሎ ተመለከተና ቀስ ብሎ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ፣ «መስዑድ፣ ይኼ ሞተር የሚዞረው በተገላቢጦሽ ነው» አለ።

የማራገቢያው ምስጢር ያኔ ተገለጠ። አምስት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ማርሽ ወደ ፊት! መስዑድ መሪውን በቡጢ ደበደበው። እንደ ልጅ ማልቀስ አማረው፤ ደግሞም አፈረ።

«ለሌላ ቀን በላቸው» አለ ክንዱ።

«አባቴ ውጭ ተቀምጠዋል» አለና በዚያችው በአንዷ ማርሽ ከግቢው ወጣ።

የኋላ ማርሽ ለጥቂት ሜትር እንጂ ለመንገድ አልተሠራም። ሞተሩ ያገሣል፣ መኪናው ይሳባል። በመንገዱ ዳር ዘንባባ ጥላ ሥር ቅርጫት የተሸከመች ሴት አልፋው ሄደች። ባጃጆች ከኋላው ተሰልፈው ጡሩንባቸውን ያንባርቃሉ፤ አንዱ ጎኑ ደርሶ «ወርደን እንግፋህ እንዴ?» አለው። ትራፊክ ፖሊሱ «ማርሽ ቀይር!» ብሎ ጮኸበት። «የለኝም!» ብሎ መለሰለት፤ ፖሊሱ ቀልድ መስሎት ተቆጣ። መንገዱ ላይ ካለው ድልድይ ሲደርስ የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ፤ ቀኑ አዘንብሏል። ነጭ ልብሱ በላብ ከጀርባው ተጣብቋል። ሞተሩን ረገመ፣ አጎቱን ረገመ፣ ራሱን ግን ከሁሉ አብልጦ ረገመ።

የሐይቁ ዳር ሰፈር ሲደርስ፣ ኦራሉን ሊያዩ የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ሰልችቷቸው ሄደዋል። አግዳሚው ላይ አብዱልሃኪም ብቻ ቀርተዋል። ገና ሞተሩን ሳያጠፋ ተነሡ።

«ግራው ነው» አሉ።

«በተገላቢጦሽ እንደሚዞር ያውቁ ኖሯል!» አለ መስዑድ።

«ሁለቱ ሞተሮች አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ነው የሚዞሩት፤ ጀልባ ቀጥ ብላ እንድትሄድ። ባለ ሁለት ሞተር ጀልባ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል።»

«ታዲያ ምነው ሰው አልላኩብኝ? አራት ወር ስቃጠል! ከተማው ሙሉ ሳቀብኝ እኮ፣ አባ!»

«ሞተር ሞተር ነው ማለትህን ቡርሀን ነገረኝ» አሉ ረጋ ብለው። «ለሚያውቅ ሰው ምን ይነገረዋል?»

መስዑድ ከካቢናው ዘሎ ወረደ። ዓይኑ የአባቱ ቀኝ እጅ ላይ ወደቀ። ከክርን እስከ አንጓ በሻሽ ተጠምጥሟል፣ ጣቶቹ አብጠዋል። ዘይነት ከቤት ወጥታ ቆማ ነበር። ሲያያት ፊቷን አዞረች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጀልባዋ ነቻ» አለች ዘይነት፣ አባቷ ሳይከለክሏት በፊት። «በአንድ ሞተር ወደ ጎን ትጎትታለች። እንቦጩ አረም ውስጥ ስትገባ ደግሞ ጭራሽ። ቀኑን ሙሉ መሪውን ሲታገሉ ይውላሉ። ዛሬ ጧትም ሐይቅ ነበሩ፤ አንተ ስትመጣ እንዳያመልጣቸው ብለው ነው በጊዜ የተመለሱ።»

«አጎቴ ከእንግዲህ አይወርዱም ብለውኝ...»

«ቡርሀን ሱቅ ተቀምጦ ስለ ሐይቅ ምን ያውቃል?» አሉ አብዱልሃኪም። «ሞተሩ የእሱ ነው፤ ላንተ ሰጠ። እኔ ልጄን የያዝኸውን መልስ ልበለው?» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ቀኙን ውሰድ። እሱ ወደ ፊት ያስኬድሃል። እኔስ ስንት ዘመን ልወርድ ነው?»

የጓጓለት ደግ ቃል ይኸው መጣ፤ መስዑድን ግን አንጀቱን ቆረጠው። አራት ወር ሙሉ እሱ ብሎን ሲፈታ፣ እኒህ ሰው በሰባ ዓመታቸው በግማሽ ጀልባ ጣናን ሲታገሉ ከርመዋል። አንድ ቀን ወደ ሐይቁ ወርዶ ቢጠይቅ ኖሮ በዓይኑ ባየው።

ኮፋኖውን ከፈተ። የመፍቻ ሳጥኑን ከካቢናው አውርዶ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ጀልባዋ ላይ ልመልሰው ነው።»

«መኪናህስ?»

መስዑድ ወደ ኦራሉ ቀና ብሎ አየ። ክንዱ አራት ጊዜ የበየደው እግር፣ ሁለቴ የተቀረጸው ብረት፣ ሁሉም እዚያው ነው። ግን እጁን አልመለሰም።

«ይቆማል» አለ። ቀጥሎ መፍቻውን እንደያዘ ወደ አባቱ ዞረ። «ከየቱ ልጀምር፣ አባ?»

አብዱልሃኪም ቀረብ ብለው ደህናውን እጃቸውን ወደ ሞተሩ አስጠጉና ሙቀቱን ሲሰሙ መለሱት።

«መጀመሪያ ይብረድ» አሉ፤ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁለት።