በየፎቁ የሚያርፉ ሁለቱ

ሶፋ ሰሪው በሚኖርበት ሕንፃ «ጋሽ አረፍ በል» ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሁለተኛ ፎቅ ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰው መቼም ለሌላው ስም ለማውጣት ጉልበት አያጥረውም። ሶፋ ሰሪው ከታላቅ እህቱ ጋር አራተኛ ፎቅ ይኖራል። ከሥራ ሲመለስ እግሩ ውሃ እንደጠጣ ስፖንጅ ይከብደዋል። በየፎቁ ደረጃው ላይ ቁጭ ሲል፣ እህቱ ከላይ ሆና «አንተ ሰነፍ! እዚያው አልጋ ላንጥፍልህ?» ትለዋለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲሁ ናት። እሱም አንዷንም ስድብ አልረሳም።

ስለ ድካሙ ሐኪም ቤት ሄዶ የሰጠው የደም ምርመራ ውጤት የደረሰ ቀን እህቱን ይዟት ሄደ። የፈለገው መድኃኒት አልነበረም፤ ሰነፍ አለመሆኑን ከሐኪም አፍ እንድትሰማለት ነበር። እሷም «ስንፍና በየትኛው መርፌ እንደሚድን ልየው እስቲ» ብላ ተከተለችው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ሰውነታችን ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ነገሮች አሉ። የበላነውን ወደ ጉልበት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልጉት ዘረመሎች አንዱ እሱ ላይ እክል አለበት።

«ስለዚህ ጉልበትዎ ቶሎ ያልቃል። ስንፍና አይደለም» አለችው።

«አንዴ ይድገሙልኝ።»

«ስንፍና አይደለም፣ ጋሼ።»

«ጮክ ብለው። እህቴ በግራ ጆሮዋ ትንሽ...»

«እሰማለሁ!» አለች እህቱ።

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ እሷ ዞረች። «ይኼኛው ዘረመል የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። እናታችሁ አንድ ከሆነች እርስዎም ሳይኖርብዎት አይቀርም። ደረጃ ሲወጡ አይደክምዎትም?»

«እኔን? ምን ሲደረግ! አራተኛ ፎቅ ስወጣ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላውቅም።»

«ሳያርፉ?»

«ምን ያሳርፈኛል? አንደኛ ፎቅ ላይ የመካኒኩን ሚስት ሰላም እላለሁ። ሁለተኛ ላይ የልብስ ሰፊውን በር ደገፍ ብዬ ትንሽ እንጫወታለን። ሦስተኛ ላይ ደግሞ...»

ቃሏን አልጨረሰችም።

ሶፋ ሰሪው ትክ ብሎ አያት። ሕንፃው ሁሉ «ሰው ወዳድ፣ ተጫዋች» የሚላት እህቱ! ለአንድ ዓይነት ድካም እሱ ስድብ፣ እሷ ምስጋና ሲቀበሉ ኖረዋል። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር።

«እትዬ» አለ እንባውን እየጠረገ፣ «እኔ ቂሉ ለካ ዝም ብዬ ስቀመጥ ነው የተበላሁት! በር ማንኳኳት ነበረብኝ!»

እሷም ለምርመራ ደም ለመስጠት እጅጌዋን እየሰበሰበች «ዝም በል፣ አንተ...» አለችና የለመደችው ቃል አፏ ላይ ቀረ። «...አንተ የናቴ ልጅ» ብላ እሷም በሳቅ ፈረሰች።

ሲመለሱ በቀጥታ የልብስ ሰፊውን በር ደበደበች። ሰውዬው ስፒል በከንፈሩ እንደያዘ ወጣ።

«ስማ! ወንድሜ ሰነፍ አይደለም። ከእናታችን የወረስነው ነው፣ እኔም ሳይኖርብኝ አይቀርም። ያንን ስም ዛሬውኑ ታነሳለታለህ!»

«ምኑን ነው የወረሳችሁት?»

«ረጅም ነው» አለችና እንደልማዷ በሩን ልትደገፍ ስትል ተወችው። ደረጃው ላይ ወደተቀመጠው ወንድሟ ዞራ «ጠጋ በልልኝ» አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ደረጃ ላይ፣ ከጎኑ ቁጭ አለች። ከዚያ ከማይቶኮንድሪያ ጀምራ ለልብስ ሰፊው ታስረዳው ጀመር፤ መጨረሻው ላይ «ስንፍና አይደለም!» አለች።

«አንዴ ድገሚለት፣ እትዬ» አለ ሶፋ ሰሪው፣ እግሩን ደላድሎ ዘርግቶ። «በግራ ጆሮው ትንሽ...»