ነጎድጓዱ ከጓዳ መጣ

የሻሽወርቅ ነጎድጓድ አትወድም። አትወድም ማለት እንኳ ያንሳል፤ ሰማይ ካጉረመረመ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ አጠገብ፣ ቴምቢሳ ባለው ስፓዛዋ፣ ማለትም የሰፈር ሱቋ ውስጥ ተሰክቶ የሚተርፍ ነገር የለም። ፍሪጁ ይነቀላል፣ ቴሌቪዥኑ ይነቀላል፤ ደንበኛ ዳቦ ይዞ ቢቆምም ቆሞ ይጠብቃል እንጂ እሷ መጀመሪያ ትነቅላለች። አገር ቤት ሳለች ወንድሟን መብረቅ ነው የበላባት። ማን ይፈርድባታል?

ጊዜው የኮሮና ነው። ልጇ ፀሎት የባሕር እንስሳት ልታጠና ከገባችበት ዩኒቨርሲቲ፣ ግቢው ሲዘጋ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ተመልሳ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ኮምፒውተር ፊት ተተክላለች። የምታጠናቸው ፔንግዊኖች ያሉበት ባሕር ዳርቻ ለሰው ተከልክሏል። ፔንግዊን ግን ሎክዳውን የሚባል ነገር አያውቅም፤ ብርዱ ሲገባ እንደ ልማዱ እንቁላሉን ጥሎ ይፈለፍላል። ስለዚህ አስተማሪዎቿ ካሜራ አስተክለው፣ ተማሪዎቹ በየቤታቸው ሆነው በተራ ይጠብቃሉ። ማዕበል ወደ ጎጆዎቹ ሲጠጋ፣ እዚያ ብቻውን ለቀረው ዘበኛ ለሲቡሲሶ መደወል ነው ሥራቸው።

"የሰው ልጅ ፋርማሲ ይማራል፤ የኔዋ ወፍ ትጠብቃለች። ያውም መብረር የማትችል ወፍ!" ትላለች የሻሽወርቅ ለገባው ደንበኛ ሁሉ።

"እማ፣ ፕሊስ!" ይመጣል ከጓዳ።

ውስጥ ውስጡን ግን እሷም ለምዳለች። አንዲት እግሯ የተጎዳ ፔንግዊን አለች፤ ባሏ ዓሣ ፍለጋ ወጥቶ ዘግይቶባት፣ ሁለት ጫጩቶቿን ታቅፋ ቁጥቋጦ ሥር የተቀመጠች። "ያቺ ሴትዮ ሰውዬው መጣላት ወይ?" ሳትል የሻሽወርቅ ሱቅ አትዘጋም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መደርደሪያው ላይ ዘይት እየደረደረች ሳለ፣ ድው የሚል ነጎድጓድ ሰማች። ቀና ብሎ ሰማይ ለማየት ማን ጊዜ አለው? "በስመ አብ!" ብላ ፍሪጁን ነቀለች፣ ቴሌቪዥኑን ነቀለች፣ ጓዳ ዘልቃ የኢንተርኔቱን ሳጥን ገመድ መዠረጠችው።

ነጎድጓዱ ወዲያው ጸጥ አለ።

"እማ! ምን አደረግሽ?" ፀሎት ከወንበሯ ተነሣች።

"መብረቅ ነዋ!"

"እዚያ ነው እኮ! ባሕሩ ጋ!"

የሻሽወርቅ በመስኮት አየች። የጆበርግ የብርድ ወቅት ሰማይ ጥርት ብሏል፤ የደመና ዘር የለበትም። ያ ሁሉ ጩኸት ከኮምፒውተሩ ነበር የወጣው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ገመዱን መልሳ ሰካችው፤ ሳጥኑ ግን ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሽማግሌ መንቀራፈፍ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ደርቆ የቀረው ምስል፣ ውሃው የሴትዮዋን ቁጥቋጦ ሲነካ የሚያሳይ ነው።

አሁን ትጮህብኛለች ብላ ጠበቀች። እሷ ብትሆን ሰፈሩን ትሰበስበው ነበር! ፀሎት ግን ስልኳን አንሥታ ደወለች።

"ሲቡሲሶ፣ ፀሎት ነኝ። አሁን ውጣ። ካሜራው ጠፍቶብኛል፤ አንተም በዚህ ዝናብ አይታይህም። እኔ እመራሃለሁ።" ዓይኖቿን ጨፈነች። "ከአጥሩ ጀምር። ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ። የለም፣ እሱ ባዶ ነው፣ ትናንት ለቀውታል። የሚቀጥለው ቁጥቋጦ። ቆይ፣ ማዕበሉ ይመለስ... አሁን! በፊቷ አትምጣባት፣ ትነክስሃለች፤ በኋላ ዙር። ጫጩቶቹን በፎጣ ያዛቸው።"

የሻሽወርቅ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ቴምቢሳ አቧራ ላይ ያደገች ልጅ፣ ያን ሁሉ ባሕር ዳር ድንጋይ በድንጋይ በጭንቅላቷ ይዛዋለች! ድምጿ አንዴ እንኳ ሸርተት አላለም። ይቺን ነው እንዴ ሰው ፊት ሳሾፍባት የከረምኩት? አለች በሆዷ። ሌላ የምታደርገው ቢጠፋት፣ "አቦዬ፣ ለተጠማች ወፍ እንባህን ያጠጣህ፣ ድረስላቸው" እያለች ትማጠን ጀመር።

ስልኩ ውስጥ የሚሰማው ንፋስ ብቻ ነው። ቆይቶ ሲቡሲሶ እያለከለከ፣ "ሁለቱንም ይዣለሁ!" አለ።

"እናትየዋስ?"

"ሱሪዬን ቀዳዋለች! እየጮኸች ትከተለኛለች።"

ፀሎት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እናቷ እቅፍ አድርጋ፣ "ይቅር በይኝ፣ የኔ አንበሳ" አለቻት። በማግስቱ ደንበኛውን ሁሉ፣ ዳቦ ፈልጎ የገባውንም ሳይቀር፣ የልጇን ጀብዱ ሳትተርክለት አልለቀቀችውም።

ወራት አለፉና የጆበርግ የራሱ ነጎድጓድ መጣ። የቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። የሻሽወርቅ ፍሪጁን ነቀለች፣ ቴሌቪዥኑን ነቀለች፣ የኢንተርኔቱ ሳጥን ጋ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ፀሎት ኮምፒውተሩ ፊት ነበረች።

"ንቀይው እንጂ እማ። ዛሬ እኮ እዚሁ ነው፤ ባሕሩ ሰላም ነው።"

"ሰላም መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"እያየሁት ነዋ።"

"እንግዲያው እይው" አለች የሻሽወርቅ። ገመዱን እንደተሰካ ትታ፣ በርጩማ ስባ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች።