ሳያለቅሱ የተቀመጡት ለቀስተኞች

ሥራዬ የጭራቅ ታሪክ በሥዕል መሥራት ነው። ጥርስ አሾላለሁ፣ ጥፍር አስረዝማለሁ፣ አንባቢዎቼም በስልካቸው እያዩ ይፈሩልኛል። እውነተኞቹ ግን ነጠላ አዘቅዝቀው ነው የመጡት።

አባዬ ሲሞት ካዛንቺስ ውስጥ ጎረቤት የሚባል አልቀረልንም። ሰፈሩ ፈርሷል፤ የዕድራችን ሰዎች በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ከፍርስራሹ ዳር የቀረነው እናቴ ሀብትነሽ፣ ታናሽ እህቴ አርያምና እኔ ነን። ከቀብር ስንመለስ እማዬን ከሐዘኑ እኩል ያስጨነቃት ድንኳኑ ነበር።

"ባዶ ወንበር ይዘን ልንቀመጥ ነው? አባታችሁን ተከስተን ለሚያህል ሰው?" አለች።

ድንኳኑ ግን ዳር እስከ ዳር ሞልቶ ጠበቀን። አንዳቸውንም አላውቃቸውም፤ ለቀስተኛ ደግሞ ከየት መጣህ አይባልም። እማዬ እፎይ አለች። ሰዎቹ የቀረበላቸውን በልተው ዝም ብለው ተቀመጡ፤ አንድም እንባ ያቀረረ ዓይን አላየሁም። የሰው ፊት ማጥናት ልማዴ ነውና ሲበሉ አገጫቸው እንደማይንቀሳቀስ አስተዋልኩ። ለእማዬ ስነግራት "አንቺ ደግሞ ሥዕልሽን እዚህም አመጣሽው?" ብላ ተቆጣችኝ።

በማግስቱ የአባዬ ወንድም ጋሽ ታዲዎስ ከጎንደር ደረሰ። እግሩ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ባንድ ጊዜ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ።

"የወንድሙን ፊት ሲያዩ ሆዳቸው ባባ" አለች እማዬ፣ ደስ ብሏት።

አጎቴ መሃላቸው ተቀምጦ ዋለ። ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ አገኘነው። ሐኪሙ ልቡ ነው አለን። ሬሳውን ስናነሳው ግን እንደ ባዶ ጆንያ ቀለለን።

ድንኳኑ ሳይነሳ ሌላ ለቅሶ ሆነ። ለቀስተኞቹም ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። የአጎቴ ሬሳ በፊታቸው ሲያልፍ አንዳቸውም አላለቀሱም። ያን ጊዜ ገባኝ። ለሞተ ሰው አያለቅሱም፤ የሚያለቅሱት ለሚቀጥለው ነው።

አርያምን ጓዳ አስገብቼ "ድንኳኑ አጠገብ እንዳትደርሺ፣ ማዪልኝ" አልኳት።

"ሊዱዬ፣ በቃ አስፈራሽኝ እኮ። እሺ፣ እማዬን" አለች።

ሜክሲኮ ጓደኛዬ ቤት ልደብቃት ራይድ ጠራሁ። መንገዱ ሁሉ ስለፈረሰ ሾፌሩ ቤታችንን ሊያገኘው አልቻለም፤ ልቀበለው ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። መኪናውን አስከትዬ ስመለስ እማዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች።

"አርያምስ?"

"ትሪውን ማንሳት አቃተኝ። አልገባም ብላ አስቸገረችኝ እንጂ፣ ለቀስተኛ ጦሙን ይዋል እንዴ? ተቆጥቼ ሰደድኳት።"

ሮጥኩ። ድንኳኑ ጋ ሳልደርስ ልቅሶው ፈነዳ።

"እግዜር ይስጣቸው፣ ሰው አላሳጣን" አለች እማዬ ከኋላዬ።

መጋረጃውን ገለጥኩት። አርያም ትሪውን እንደያዘች መሃላቸው ቆማለች። ሁሉም እሷን እያዩ ደረታቸውን ይመታሉ፤ እሷም ለአባታችን መስሏት አብራቸው ታለቅሳለች።