የጋሽ በድሉ ሰርጓጅ

ሶዶ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ስቱኮ መምታት ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የሻንቶ ሚኒባሶች ተጨራምተው ይመጣሉ፣ እንደ እንቁላል ለስልሰው ይወጣሉ። ስለዚህ ጋሽ በድሉ ክንድ የምታክል የፕላስቲክ ሰርጓጅ መርከብ ይዘውልኝ ሲመጡ ሳቅኩ።

ጋሽ በድሉ ድሮ ምጽዋ የባሕር ኃይል በያጅ ነበሩ። ሞዴሏን ልጃቸው ከውጭ ላከላቸው፤ ሁለቱን ግማሽ ራሳቸው አጣበቁ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መገጣጠሚያውን እኔ እንድደፍን ፈለጉ።

«እሑድ መልአኩ ከሻንቶ ይመጣል» አሉኝ። «አንድ መርከብ ላይ ነበርን። እስከ ዛሬ ‹የበድሉ ብየዳ ያፈሳል› እያለ ሰው ፊት ያሾፍብኛል። አንዲት መስመር ካገኘ አለቀልኝ።»

«ይቺን? በግማሽ ቀን!» አልኩ።

የት ተደርሶ። እንደ ሚኒባስ በር ወፍራም ስቱኮ ጠቀጠቅኩባት፤ ሲደርቅ ሰረጎደ፣ ቀለም ስቀባው መስመሩ ተመልሶ ወጣ። ጋሽ በድሉ አልተቆጡም። ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሄዱባት።

«እዚህ ጋ አለ። እዚህም። ዓይንሽን ተዪውና በጥፍርሽ ፈልጊ።»

እኔ አፍጥጬ ያጣሁትን ጥፍራቸው አገኘው። ከዚያ ወዲያ እንዳሉኝ አደረግኩ፤ ስስ አድርጌ ቀባሁ፣ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፣ ውሃ በነካ ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። አምስት ቀን። ቅዳሜ ጥፍሬ ሳይደናቀፍ ከጫፍ ጫፍ ሄደ።

ጋሽ በድሉ ዳሰሷት፣ ፊታቸው በራ። ከዚያ ጣታቸው ጎኗ ላይ ቆመ።

«ፋንታዬ፣ ቀዳዳዎቹስ?»

«ደፈንኳቸዋ! የፋብሪካ ስህተት መስሎኝ። የተበሳ መርከብ ይነዳል እንዴ?»

«አንቺ ሴት! ውሃ የሚገባው በእነሱ ነው። ውሃ ሳትጠጣ በምን ትጠልቃለች? መልአኩ ይህን ካየ እስከ መቃብሬ አይለቀኝም!»

መርፌ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ሲይዙት እጃቸው እንደ አሮጌ ሞተር ይንቀጠቀጣል። አንጓቸውን ጠረጴዛው ላይ ጫኑ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ የመርፌው ጫፍ ቀዳዳውን የደፈነውን ስቱኮ ሲነካ እጃቸው ጸጥ አለ። ወጉ። አረፉ። ደግሞ ወጉ። ሃያ አራት ቀዳዳ፣ አንዱ እንኳ ከተራው አልወጣም። በዚህ ሥራ ብዙ እጅ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

እሑድ ጋሽ መልአኩ መጡ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ጥፍራቸውን በሆዷ ላይ ነዱ። ምንም የለም። መለሱት። አሁንም የለም።

«ማነው የሠራት?»

«መገጣጠሚያውን ፋንታዬ፣ ቀዳዳዎቹን እኔ» አሉ ጋሽ በድሉ።

«አላልኩህም! አንተ የነካኸው ሁሉ ውሃ ያስገባል!»

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀጥሎ ጋሽ መልአኩ መነጽራቸውን አውጥተው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አዩ። በጓደኛቸው ጉልበት ላይ የሚንቀጠቀጠውንም እጅ አዩ።

«በዚህ እጅህ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።



«በዚያው እጃቸው» አልኩ እኔ።