ክለብ ያሉት እድር

ጠበቃዋ ወንበር ሰጠችኝ እንጂ ጆሮ አልሰጠችኝም። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ባለው ጠባብ ቢሮዋ አንድ ሰዓት ሙሉ ስቀመጥ «ውሃ ትፈልጊያለሽ?» ከማለት ሌላ የጠየቀችኝ የለም። ትፈልጊያለሽ! የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ አንቺ ስትለኝ፣ መቼም እዚህ ሰው አገር ተወልዳ ነው ብዬ ዋጥ አደረግኩት። ሉሊት ትባላለች።

የመጣሁት ከማራኪ ጋር ነው፤ ብቻዬን አልገባም ብላኝ። ማራኪ ሎረንስቪል ካለው ቤቴ አንዷን ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ አቅመ ደካማ የምትንከባከብ ልጅ ናት። ሴት ወደደች ብለው አገር ቤት ደብድበዋታል፤ አሁን ጥገኝነት ትጠይቃለች። ነገሩ ይገባኛል ብዬ አልዋሽም። ግን ጀርባዋ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቻለሁ። ወደዚያው ትመለስ የሚል ሰው የቤቴን ደፍ አያልፍም።

«ማስረጃውን ነገ ሰብሚት አደርጋለሁ» አለች ሉሊት። «የአገር ቤቱ ሕግ አለን፤ እንደሚያሳስር ክሊር ነው። የሰብአዊ መብት ሪፖርቶቹ ግን ስለ ሰፈር፣ ስለ ጎረቤት ምንም አይሉም። ዳኛው እዚያው አገሯ ሌላ ከተማ ሄዳ መኖር ትችላለች ካለ፣ አለቀ።»

ማራኪ ከገባን ጀምሮ እጆቿን ጭኖቿ መሃል እንደቀበረች ናት።

«ሌላ ወረቀት የለም?» አልኩ።

«አንድ ደብዳቤ አለ። እናቷን ከክለብ አባረሯት የሚል። ዊክ ነው፣ አያሳምንም፤ ከፋይሉ ላወጣው ነው።»

«ከምን?»

«ከክለብ።»

እኔ ክለብ የማውቀው ጭፈራ ቤት ነው። «የማራኪን እናት? ሴትዮዋ እኮ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ ሌላ የምታውቀው ደጅ የለም!»

ማራኪ ሳታስበው ሳቀች። እኔ ወረቀቱን ነጠቅኩ። እንግሊዝኛው ከላይ፣ አማርኛው ከሥር። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጅ አዝዬ ነው። ማኅተም ያለበትን የእድር ደብዳቤ ግን ዳብሼም አውቀዋለሁ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«ልጅዎ በፈጸመችው ነውር ምክንያት ከእድራችን ተሰርዘዋል። ልጅቱ ብትሞት እድሩ አስከሬኗን አያነሳም። ለቅሶ የሚደርስ አባል ይቀጣል።»

«እድር ምንድን ነው?» አለች ሉሊት።

«ክለብ ብሎ የተረጎመልሽ ሰውዬ፣ እናቱን ማን ሊቀብርለት ነው? ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚያስቆፍር፣ ከሐዘንተኛ ጋር የሚቀመጥ እድር ነው። የተሰረዘን ሰው ጎረቤት ሰላም አይለውም። ሌላ ከተማ ብትሄድ አዲሱ እድር ከየት መጣሽ፣ ለምን ለቀቅሽ ይላታል። ሰው ልኮ ያስጠይቃል። ታዲያ የት ሄዳ ነው የምትኖረው?»

የሉሊት ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ቆሙ። «እኔ ሰርች ያደረግኩት ስለ ጌይ ሰዎች ብቻ ነው» አለች፤ ድምጿ ወረደ።

«ስለ እሷ ዓይነቱማ ማን ደፍሮ ይናገራል? ስለ ጎረቤቶቿ የተጻፈውን ፈልጊ።»

እድር ብላ በእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ዲ ጻፈችው፤ እፍኝ የማይሞላ ወጣ። በሁለት ዲ ስትጽፈው ስክሪኑ ሞላ። ዕድሜውን ሙሉ እድር ሲያጠና የኖረ ፕሮፌሰር አለ፤ የተባረረ ቤተሰብ እንዴት እንደሚገለል፣ ከተማ ቢቀይር እንኳ ወሬው እንዴት እንደሚከተለው ጽፏል፤ ሉሊት እያነበበች ነገረችን።

«ኦ ማይ ጋድ! እማማ ተናኘወርቅ፣ ይዩት እስቲ!»

ማራኪ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። ከገባን ጀምሮ እጆቿን ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። «የእናቴ ደብዳቤ አይወጣም ማለት ነው?» አለች።

«ከፊት ነው የማስገባው፤ ትርጉሙን አሳርሜ» አለቻት ሉሊት። ወደ እኔ ዞረች። «የእርስዎንም ቃል ልጻፍ። ትምህርት?»

«የለኝም።»

ጣቷ ተንጠለጠለ። «ዳኛው ምናልባት ክብደት ላይሰጠው...»

«ስሚ፣ ልጄ። አሥራ አንድ ዓመት የሴቶች እድር ሰብሳቢ ነበርኩ። አንዲት ሴት ስንሰርዝ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ስትሞት ማዘጋጃ ቤት ቀበራት፤ መንገድ ዳር ቆሜ አስከሬኗ ሲያልፍ አየሁ እንጂ አልተከተልኳትም። ፕሮፌሰሩ ይህን አላየም፣ እኔ አይቻለሁ። ይህንኑ ጻፊው፣ አታሳምሪው። ከስሜ ሥር ደግሞ ያልተማረች ብለሽ እንዳታልፊኝ፤ የእድር ባለሙያ በይ። ዳኛው ከተጠራጠረ እኔኑ ይጥራኝ። በይ ጻፊ!»