ሰባተኛው አባት

ሮሆቦት ጉዷን ያመጣችው በገዛ እጇ ነው። ያሳደጓት አያቷ ጋሽ ጥዑመልሳን ሰባት ቤት ሳያስቆጥሩ ልጅ አይድሩም፤ እሷ ደግሞ እሳቸው ካልመረቋት አታገባም። ምን ይሻላል ስትል እጮኛዋ ዳንከን የስኮትላንድ መኳንንት ዘር መሆኑን አስታወሰች። የዳንከን ወላጆች ቤት ስለ ግሌኖራክ ኧርሎች የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ አለ። ኧርል ማለት ያው የእነሱ ደጃዝማች በሉት፤ ልዩነቱ ሹመቱ በዘር መውረዱ ነው። ኤርፖርት አውሮፕላን የሚጠግን ልጅ ይሄን የመሰለ ሀብት ይዞ ዝም ይባላል? አዲሰን ከተማ ያለው አፓርታማዋ ውስጥ አስቀምጣ ሦስት ሳምንት አስራ አራቱንም ኧርሎች በአማርኛ አስሸመደደችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሜስኪት ከተማ፣ አያቷ ቤት ገቡ። አያትየው ልጁ ራሱ ይምጣ ስላሉ ዳንከን ከሽማግሌው ጋር ቀረበ። ሽማግሌው የሥራ ባልደረባው ይርጉ ነው፤ ገና አርባ ያልሞላው ሽማግሌ፣ ምን ይደረግ፣ አሜሪካ ነው።

‹‹ቁጠር›› አሉ ጋሽ ጥዑመልሳን።

ዳንከን ጉሮሮውን ጠራረገ። ‹‹አንደኛው ኧርል ሮበርት፣ የጎረቤት ከብት ዘረፈ። ሁለተኛው ኧርል፣ እሱም ሮበርት፣ ከብቱን በቁማር ተበላ። ሦስተኛው አሌክሳንደር ልጅ አልወለደም፣ ማዕረጉ ለአጎቱ ልጅ ሄደ...››

ሮሆቦት ኩሽናው በር ላይ ቆማ በደስታ ትፍለቀለቃለች። ልጁ እንደ ውሃ ነው የሚያወርደው።

‹‹ቆይ እስቲ›› አሉ አያትየው። ‹‹ያልወለደ ሰው እንዴት አባትህ ይሆናል? አንተ የምትቆጥርልኝ ሹመት ነው። እኔ አባትህን ነው የጠየቅኩህ።››

ሮሆቦት ክው አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስጠናችው ለካ ወንበር ነው፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደተቀመጠ።

ዳንከን እስከ ጆሮው ቀላ። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ስድስት ደረሰና ቆመ።

‹‹ሰባተኛውስ?››

በቃ፣ ሠርጉ እዚህ ጋ ቀረ አለች ሮሆቦት በልቧ።

ዳንከን በእንግሊዝኛ ቀስ ብሎ አንሾካሾከ፣ ይርጉ ተረጎመ። ‹‹ጋሼ፣ ሰባተኛው መጽሐፉ ላይ የለም። የአንዱ ኧርል የበኩር ልጅ ነበር፤ ሳህን አጣቢያቸውን ካላገባሁ ብሎ ድርቅ አለ። አባትየው ርስቱንም ማዕረጉንም ለታናሹ ሰጡበት፣ እሱም ልጅቷን ይዞ ወጣ። እኛ የዚያ የተባረረው ዘር ነን ነው የሚለው። አፍሮ ነው።››

ጋሽ ጥዑመልሳን መነጽራቸውን አወለቁ።

‹‹የልጅቷ ስም ማነው?››

ይሄን ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። ‹‹ኤልስፔት›› አለ ዳንከን።

‹‹ዘራፊና ቁማርተኛ ስትደረድሩልኝ ዋላችሁ፤ ለሚወዳት ሴት ርስቱን የጣለውን ደበቃችሁኝ?›› ወደ ኩሽናው በር ዞሩ። ‹‹ይሄ ያንቺ ብልሃት ነው፣ አውቄሻለሁ።››

‹‹አዎ አባባ›› አለች፤ እያለቀሰች ትስቃለች።

‹‹በል አንተ፣ ከአባትህ ጀምር፣ ሰባተኛውን ከነሚስቱ ጥራልኝ። ከዚያ የሠርጉን ቀን እንቆርጣለን።››